ሁለት ኪሎ በሦስት ቀን

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ነርስ ካድራ የሰጠችን ወረቀት ሦስት ረድፍ አለው። ቀን፣ ክብደት፣ የጠጣው ውሃ። ለንዴት ቦታ አልተዉም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስንመለስ ይሄን ደብተር ገዛሁ። ወረቀቱ የእሷ ነው፣ ይሄ የኔ።

ልጄ ዋበሪ ዛሬ ወጣ። አሥራ አንድ ቀን ተኝቷል። የአረፋው በግ እንኳን እሱ በሌለበት ነው የታረደው። ጃንዋሪ ላይ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ሳምንት አስሎ ተሻለው፣ ረሳነው። ጉንፋኑ ግን ልቡን ነክቶት ነው የሄደው። ልቡ ሰፍታ ደክማለች፣ ደሙን በደንብ አትገፋም፣ ውሃው ወደ ሳንባውና ወደ እግሩ ይመለሳል። የልብ ድካም ነው ስሙ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ! እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ የስኳር ከረጢት ብቻዬን አነሳለሁ፣ እሱ ሁለት ፎቅ ሲወጣ መሃል ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል።

ካድራ ያለችው፦
1. የሚጠጣ ነገር በቀን አንድ ሊትር ተኩል። ሻይም ይቆጠራል፣ በረዶም ይቆጠራል።
2. ጨው የለም።
3. ጫት የለም።
4. አራት ዓይነት ኪኒን። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው ጠዋት።
5. በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት መመዘን። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ ወዲያው መደወል።

ኦገስት 28 ቀጠሮ አለን። እስከዚያ ውሃው ካልተመለሰ፣ ተመልሶም ካልተኛ፣ ዶክተሩ ለኮሌጁ ወረቀት ይጽፍለታል። ያለዚያ ወረቀት ኮሌጁ አይመልሰውም። መምህር ለመሆን አንድ ዓመት ነው የቀረው። ዋበሪ መኪና ውስጥ ሌላ ምንም አላወራም። «ኦገስት 28» ብቻ አለ፣ መስኮቱን እያየ።

ዛሬ የተናደድኩባቸው፦ ዶክተሩ (ወረቀት እያየ ነው የሚያናግረኝ)። ኻምሲኑ (ዘንድሮ ነፋሱ ቀድሞ ገባ፣ አሸዋው በተዘጋ መስኮት ይገባል)። ሚስቴ ሮዳ። እናቷ ዳሌዋ ስለተሰበረ ሁለቱን ሴት ልጆቻችንን ይዛ አሊ ሳቢዬ ሄዳለች። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ቢሆንም።

ሐሙስ፣ ጁን 12

58 ኪሎ። ውሃ 1.4።

ቤታችን ሚዛን የለም። መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ሚዛን መግዛት ለምን ያስፈልገኛል? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዤው ሄድኩ። የከረጢት ሚዛኑ በግማሽ ኪሎ እንኳ አይሳሳትም፣ በየወሩ የማስፈትሸው እኔ ነኝ።

የከባድ መኪና ሹፌሮች ወረፋ ይዘው ነበር። ዋበሪ ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ሲቆም አንዱ ከመኪናው ላይ ሆኖ ስሜን ጠርቶ፣ «ኦብሲዬ፣ ይሄኛው ስኳር ነው ዱቄት? ለየትኛው መኪና ነው የሚጫነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሹፌር ጋር መጣላት ለሥራ አይሆንም።

ዋበሪ ጫማውን ሳያስር ነው የወጣው። «ነገ አልመጣም» አለኝ።

«ትመጣለህ» አልኩት።

የጨው ቆርቆሮውን ከነክዳኑ ጣልኩት።

እሑድ፣ ጁን 15

58። ውሃ 1.5።

ጫት ካቆምኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። እሱ እየተከለከለ እኔ ፊቱ ልቃም እንዴ? ራሴን አሞኛል። ሥራ ላይ ሁለት ሰው ሰድቤያለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 18

57 ተኩል። ቀነሰ!

ሸሚዙን ሲያወልቅ አየሁት። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሮዳ ስልክ ላይ፣ «ምን እያበላኸው ነው አንተ?» አለችኝ። ያለ ጨው ሩዝ፣ ያለ ጨው ዓሣ፣ ያለ ጨው እንቁላል። «ታዲያ እስረኛም ይሄን አይበላም» አለች።

እውነቷን ነው። በኛ ቤት የታመመ ሰው ምን ነበር የሚሰጠው? ሾርባ። አባቴ ወባ ሲይዘው፣ ሮዳ ስትወልድ፣ እኔ እጄ ሲሰበር፣ ሾርባ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የአረፋው በግ አጥንት አለ። ከሥራ መጥቼ ሦስት ሰዓት ቀቀልኩት፣ መብራት ሁለቴ ጠፋብኝ፣ ላቤ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጨው ቅንጣት ታህል አላስገባሁበትም። ለጣዕም ብቻ ያቺን በብልጭልጭ ወረቀት የምትጠቀለል የሾርባ ቅመም፣ ሁለት ፍሬ። ትልቋን ሰማያዊ ሳህን ሞልቼ ሰጠሁት።

ሳህኗን አየት አደረገ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለ።

«እና ማን ይሥራው? ጎረቤት?»

ጨረሰው። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሳህን ሲጨርስ የመጀመሪያው ነው።

ወረቀቱ ላይ የምግብ ረድፍ የለም። ይሄንንም ለካድራ እነግራታለሁ። የሚበላውን ሳይጽፉ ሕክምና ምን ይሉታል?

ሰኞ፣ ጁን 23

58 ተኩል። ውሃ 1.4። ሾርባ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሥጋ መያዝ ጀመረ።

ከሰዓት ከሚጊል ጋር ወጣ። ሚጊል አብሮት ያደገ የጎረቤታችን የቦው ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ ሰፈራችን ጫፍ ላይ ከጓደኞቹ ጋር መቃሚያ ክፍል ተከራይቷል። ጫቱ በሰባት ሰዓት ይገባል፣ እነሱ ስምንት ሰዓት ላይ ተጋድመዋል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ኤሲ አለ።»

«እዚህም አለ።»

«እዚህ አንተ አለህ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 26

59 ተኩል። ውሃ 1.5። ሾርባ።

ማታ ለሮዳ ነገርኳት። ሁለት ኪሎ ገባ አልኳት። አለቀሰች፣ በደስታ። እናቷ ከበስተጀርባ ምን ሆነሽ ስትላት፣ «ልጄ ወፍሯል» አለቻት።

በስምንት ቀን ነው ሁለት ኪሎው። በሦስት ቀን አይደለም። አስልቼዋለሁ፣ በየቀኑ አሰላዋለሁ።

ጫት ትናንት ትንሽ ቃምኩ። እንግዳ ነበር፣ ለወጉ ያህል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

61። ውሃ 1.3። ሾርባ (አጥንቱ አልቆ ሌላ ገዛሁ)።

ሙቀቱ 43። እሱ ግን ካልሲ አድርጎ ይውላል! ረጅም፣ እስከ ጉልበት። አውልቅ ስለው ፋሽን ነው ይለኛል። ፋሽን! የዚህ ዘመን ልጅ ሰው ካየው እሳት ላይም ይቆማል።

ሚዛን ላይ ሲቆምም አያወልቀውም። እሺ፣ የካልሲ ክብደት ምን ያህል ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

61 ተኩል። ሾርባ። ውሃ አልጻፍኩም፣ ተጣላን።

ሳሎን ካለው መከዳ ሁለቱን ወስዷል። አሁን በሦስት መከዳ ነው የሚተኛው። ቀና ብዬ ለማንበብ ነው አለኝ። ኤሲውን ጨምሮ ስለሚተኛ ያስለዋል። ቀንስ ብለው አይሰማም። «ሳል ጀመረህ፣ ለካድራ ልደውል» ስለው ከአልጋው ዘሎ ተነሳ።

«አትደውል።»

«ለምን?»

«አባ፣ አትደውል አልኩህ። ብርድ ነው። እሷ ዘንድ ከተደወለ ይጻፋል። ከተጻፈ ወረቀቱ ቀረ።»

አልደወልኩም። ሁለት ኪሎ በሦስት ቀን አልሞላም። ሕጉን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

የተናደድኩባቸው፦ ዋበሪ። ኤሲው። ካልሲው። ሚጊል፣ ሚጊል፣ ሚጊል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

62 ተኩል።

ዛሬ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ልጻፈው።

ጠዋት ቦርሳውን ፈተሽኩ። አባት ነኝ፣ እፈትሻለሁ። የሊትር ተኩል ጠርሙስ አገኘሁ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ መስመር መስመር ተሰምሮበታል። ገባኝ። እዚያ ሲቅሙ በወረፋ የሚካፈሉት ውሃ ነው። እኔ ቤት በኩባያ እየቆጠርኩ፣ እሱ እዚያ በጠርሙስ! እግሩ ለምን እንዳበጠ አሁን ታወቀ። (ሲተኛ ካልሲውን ዝቅ አድርጌ አይቻለሁ። ጣቴን ስጫነው ጉድጓዱ ቀረ።)

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠርሙሱን ይዤ መቃሚያ ክፍሉ ገባሁ። ዘጠኝ ሰው ተጋድሟል። ዋበሪ የለም። ሚጊል ብድግ አለ፣ «አጎቴ፣ ግባ፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ብሎ መከዳውን አስተካከለልኝ።

ጠርሙሱን ደረቱ ላይ ወረወርኩት። «ልጄን በውሃ እየገደልከው ነው!» አልኩት።

«ምን? አጎቴ፣ እሱ እኮ...»

ጥፊ አቀመስኩት። በዘጠኝ ሰው ፊት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ጉንጩ ሙሉ እንደሆነ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ለሮዳ ደውዬ ጥፋተኛውን አገኘሁት አልኳት። ይበለው አለች። ማታ ሾርባ ሰጠሁት፣ ግማሹን ተወው። ስለ ጥፊው ሰምቷል። አላናገረኝም።

እጄ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እሑድ፣ ጁላይ 6

ሆስፒታል። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘን ሆኜ ስልክ። ሚጊል ነው። «አጎቴ፣ ዋበሪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አየር አጠረው። ታክሲው ውስጥ ነው፣ እየወሰድኩት ነው። ሁለተኛውን ጥፊ እዚያ ስትመጣ ትጨምርልኛለህ።»

ስደርስ ኦክስጅን ተደርጎለታል። ከንፈሩ ሰማያዊ። ተቀምጦ ነው የሚተነፍሰው፣ መተኛት አይችልም። እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚፈላ ድስት ይመስላል።

ሚጊል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አላየሁትም። ማለቴ፣ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ከትናንት ወዲህ ብዙ ሽንት ወጣለት። ተርፏል ይላሉ።

ካድራ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አንድ ቀን አልዘለልኩም ማለት ይቻላል፣ ቁጥሬም ያምራል። ላይ ታች አየችና፣ «ውሃው ልክ ነው። ክብደቱ ግን በአሥራ ሰባት ቀን አምስት ኪሎ ጨምሯል። ለምን አልደወላችሁም?» አለች።

«በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ አልሞላም።»

ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችኝ። ሴት ልጄን የምታክል ናት፣ ግን ዓይኔን ሰበርኩ።

«ሥጋ የያዘ መስሎኝ ነው» አልኩ። «ውሃውን የሚያጠጡት እዚያ ጓደኞቹ ናቸው።»

«ማታ ማታ ምን ይበላል?»

«ሾርባ።»

«በምን ያህል ዕቃ?»

እሷ ዘንድ ያለውን ሳህን ሁሉ አሳየችኝ፣ እኔም ሰማያዊዋን የምታክለውን መረጥኩ። ውሃ ሞላችው። መለኪያ ጆግ ውስጥ ገለበጠችው። ጎንበስ ብላ አነበበች፦ «ስድስት መቶ። ግማሽ ሊትር አልፎ።»

«ሾርባ ምግብ ነው እኮ።»

«ጨውስ?»

«ጨው ቤቴ የለም! ከነቆርቆሮው ነው የጣልኩት። ቅመም ብቻ ነው ያደረግኩት።»

የቱን ቅመም አለችኝ። ነገርኳት። ከሱቅ አንዷን አስመጣችና ወረቀቷን ገልብጣ፣ «አንብብልኝ» አለችኝ። በውስጡ ያለው ተብሎ የተዘረዘረው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ጨው ነው። ከሁሉም በፊት።

ፊደሉ በጣም ትንሽ ነው አልኳት።

እኔ ቀኑን ሙሉ የከረጢት ጽሑፍ የማነብ ሰው ነኝ። መጋዘን ውስጥ ሳላነብ የማስገባው ዕቃ የለም።

የተናደድኩባቸው፦ ካድራ፣ መጀመሪያውኑ ሾርባ ብላ አልጠየቀችም። የቅመሙ ወረቀት። ሰማያዊዋ ሳህን።

የራሴን ስም እዚህ ልጽፍ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ዋበሪ ኦክስጅኑ ተነሳለት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሾርባው እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት።

«ጠርጥሬ ነበር። ከሳምንት በኋላ።»

«እና ለምን ትጠጣዋለህ!» ጮህኩ። ከጎን ያለው በሽተኛ ነቃ።

«ምን ልበልህ? በዚያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ቆመህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ሳህኑን በሁለት እጅህ ይዘህ ትመጣለህ። ደግሞ በሚዛኑ ምክንያት አንነጋገርም ነበር። በቀን አንዴ የምትስቀው ሳህኑን ባዶ ስታየው ነበር።»

«ሞኝ ነህ።»

«ከማን ወጣሁ?» አለ።

ጠርሙሱን ጠየቅኩት። መስመሮቹን የሠራው ሚጊል ነው። በየሰዓቱ እስከ የትኛው መስመር እንደሚፈቀድለት ያሳያሉ፣ ከዚያ በታች ከወረደ ጠርሙሱን ይቀማው ነበር። አንድ ቅጠል ጫት ሰጥቶት አያውቅም። እዚያ የሚሄደው ኤሲው ሥር ተኝቶ ለማንበብ ነበር። ቤት ጠጣሁ እያለ የሚነግረኝም የጠርሙሱን ደምሮ ነው።

«ካልሲውስ?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ኦገስት 28» አለ። አለቀሰ። ከታመመ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ትራሱን ነክሶ ነው ያለቀሰው፣ በንዴት። ወረቀቱ እንደቀረ ያውቃል።

ዓርብ፣ ጁላይ 11

ሮዳ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ግማሹን ቀንሼ። ግማሹን ካድራ ጨመረችላት።

ቤት ስንገባ፣ «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ጥፋተኛው ሚጊል ነው ብለኸኝ ለአሊ ሳቢዬ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ለእናቱም ደውዬ የማይባል ብያታለሁ። አሁን በል ውጣና የበተንኩልህን ልቀም።»

ቦው ሁለት ሽማግሌ ልኳል። ጢም ያወጣ ወንድ በሰው ፊት በጥፊ ተመትቶ ዝም አይባልም። የክብር ካሳ አለው፣ በግ። ያውቁታል፣ አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ አልኳቸው። ሥራ በዝቶብኛል።

ሥራ አልበዛብኝም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ዋበሪ ወጣ። 57። ቤት ስንገባ ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፎ ወጣ። ልደግፈው ስል ክንዱን ነጠቀኝ።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ከጁምዓ በኋላ፣ ቦው በረንዳ ላይ። አሥራ ሦስት ሰው። በዕድሜ ትልቁ ዲሪር መሃል ተቀመጠ። ቤት ሆኜ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፦ በንዴት ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ይቅር በሉኝ፣ በጉን እከፍላለሁ። አራት ነገር። ስለ ሾርባ የለበትም።

ዋበሪ ይመጣል አላልኩም ነበር። መጥቶ ከሚጊል ጎን ተቀመጠ።

አራቱን ነገር አልኩ። ዲሪር ሰማኝና፣ «መልካም። ግን ጥፊው ስለ ምን ነበር?» አለ።

«በንዴት ነው።»

«ንዴቱ ስለ ምን ነበር?»

«ልጄ ስለታመመ።»

«እኔም ልጅ ታሞብኝ ያውቃል፣ ማንንም አልመታሁም። ይሄ ልጅ ምን አድርጎህ ነው?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ዋበሪ አያየኝም፣ እግሩን ነው የሚያየው። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ ያለ ካልሲ።

«ምንም አላደረገም» አልኩ። «ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። በየማታው በገዛ እጄ ሾርባ እየሠራሁ፣ ጨው ያለበት። ክብደቱ ሲጨምር ወፈረ ብዬ ተደሰትኩ። ሚጊል ነው የሚጠብቀው የነበረው። የመታሁት የሚጠብቀውን ነው።»

ከዚያ ቦው፣ ያ ምላሱን የማይገታ ሰው፣ «ኦብሲዬ፣ መሬት የሚካሰሰኝ አንድ ሰውዬ አለ፣ እስቲ እራት ጋብዝልኝ» አለ።

በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ዲሪር ራሱ በሻሹ አፉን ሸፈነ። እንደገና ጥፊ ማንሳት አማረኝ፣ ወላሂ። ዋበሪም እየሳቀ ነበር። ስንት ወሩ ነው ሳይስቅ? እጄን ጭኔ ሥር አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ሚጊልን ካሳህ ምን ይሁን አሉት። በግ ይላል ብዬ ነበር።

«በግ አልፈልግም» አለ። «እስከ ኦገስት 28 ዋበሪ ራሱ ይመዘን፣ ራሱ ይጻፍ። ሚዛን እኔ እገዛለታለሁ። አጎቴ ስንት ኪሎ ሆንክ፣ ስንት ጠጣህ ብሎ እንዳይጠይቀው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዲሪር፣ «እንዲህ ያለ ካሳ ሰምቼ አላውቅም። ኦብሲዬ፣ በጉ ይቀልልህ ነበር» አለ።

አዎ፣ ይቀልለኝ ነበር። አስማሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ክብደት፦ አላውቅም። ውሃ፦ አላውቅም።

ምን ልጻፍ ታዲያ?

ሰኞ፣ ኦገስት 4

አሥራ ሰባት ቀን አልጠየቅኩም። የማደርጋቸው ነገሮች፦
1. ቁርጭምጭሚቱን አያለሁ። ማየት መጠየቅ አይደለም።
2. መከዳዎቹን እቆጥራለሁ። አንድ ነው።
3. ጠዋት በክፍሉ በር አጠገብ ጫማ አስራለሁ። ጫማ ማሰር ደቂቃ ቢፈጅ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሮዳ ሦስተኛውን አይታ፣ «ገመድ የሌለው ጫማ ነው እኮ ያደረግከው» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ዛሬ ጫማ ሳስር ሰማሁት። ስልክ ላይ ነው። «ካድራ፣ ዋበሪ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ኪሎ። አይ፣ አላበጠም። አዎ፣ ሰርግ ቤት ሩዝ በልቼ ነበር። እሺ። የሽንቱን ኪኒን ተጨማሪ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ቀን። ቅዳሜ እደውልልሻለሁ።»

አለቀ። ደቂቃም አልፈጀም። ከዚያ እያፏጨ ገላውን ሊታጠብ ገባ።

አንድ ኪሎ ሆኖ ነው የደወለው። እኔ ብሆን ሁለት እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይሄን ሳስብ ዋልኩ። መቶ አርባ ከረጢት ያለ ቁጥር አሳለፍኩ፣ ሹፌሩ ነው የመለሰኝ።

ለምን አልነገረኝም ብዬ ተናደድኩ። ልጠይቀው አልችልም፣ ምያለሁ። እሱ ሊነግረኝ ግን ይችላል እኮ! ማን ከለከለው?

ረቡዕ፣ ኦገስት 27

ነገ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለዶክተሩ የምለውን እያዘጋጀሁ ነው።
1. ጁላይ ላይ የተኛው በልጁ ጥፋት አይደለም፣ በኔ ነው።
2. ስለዚህ አይቆጠርበትም።
3. ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ደህና ነው።
4. አንድ ዓመት ማለት ለእናንተ ወረቀት ነው፣ ለእሱ አንድ ዓመት ነው።

ሮዳ አራተኛውን ስትሰማ፣ «ቀስ ብለህ በለው፣ ጠረጴዛ እንዳትመታ» አለች።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ዋበሪ ብቻዬን እገባለሁ አለ። እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሞልቷል፣ ማራገቢያው አንድ ነው። አርባ ደቂቃ ቆየ።

ሲወጣ ወረቀት ይዟል፣ አጥፎታል። ፊቱ ምንም አይልም። ከጎኔ ተቀመጠ።

አልጠየቅኩም።

«ልቤ ትንሽ ተሽሏታል» አለ። «በጃንዋሪ ከነበረው... ማለቴ በጁን ከነበረው ትሻላለች። ኪኒኑን አንዱን ጨመረልኝ፣ ይሄ ማዘዣው ነው።»

«ወረቀቱስ?» አፌን አመለጠኝ። ይሄ ክብደት አይደለም፣ ውሃም አይደለም፣ መሐላው ውስጥ የለም።

«አልፈረመም። እስከ ዛሬ ሳልተኛ መቆየት ነበረብኝ። ጁላይ ተኝቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር አለ።»

ብድግ አልኩ። አራቱም ነገር በአንዴ ጉሮሮዬ ላይ መጡ። ስድስት ሳምንት ደህና የሆነን ልጅ! ጥፋተኛው እዚህ ቆሞ እያለ! በሩን ልገፋው እጄን ዘረጋሁ፣ ከውስጥ የዶክተሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሌላ ሰው እያናገረ ነው፣ ወረቀት እያየ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ዋበሪ የሸሚዜን ጫፍ ያዘኝ። አልጎተተኝም። ያዘኝ ብቻ።

«አባ፣ ተቀመጥ።»

«ልቀቀኝ! እነግረዋለሁ፣ በኔ ነው እለዋለሁ...»

«ነግሬዋለሁ። ሁሉንም ያውቃል። ሰምቶም አልፈረመም።» የሸሚዜን ጫፍ አልለቀቀም። «ዓመቱ የኔ ነው። መናደድ ካለበት የምናደደው እኔ ነኝ። አንተ ገብተህ ከጮህክ ለኔ ምን ይተርፈኛል?»

ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየናል። እኔ የምለው ነበረኝ። አራት ነገር፣ በቅደም ተከተል።

ተቀመጥኩ።

እሱ ጥርሱን ነክሶ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያል፣ ጉንጩ ላይ ያለው ጅማት ይመታል። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ፣ «ጠጋ ትሉልኛላችሁ?» አለችን። ተጠጋን። አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ትከሻው ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ተራችን ቢያልፍም ንዴቱ እስኪበርድለት ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን።